ሳይጠሩት አቤት

ወደ ሩቅ አገር ሄዶ በጎ ሥራ ለመሥራት የሚሰናዳ ሰው አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው። እሱም «ቦታውን አይተኸዋል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ዛሬ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ለተልእኮ ከሚንቀሳቀሱት የቤተ ክርስቲያን ቡድኖች መካከል ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድመው የሚመልሱት ጥቂቶች ይመስሉኛል።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው እንዲህ ነው። አንድ ስብከት ይሰማል፤ ወይም አንድ የሚያሳዝን ፎቶግራፍ ይታያል። የወጣቶቹ ልብ ይነካል። ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ሊቀ መንበር ይመረጣል፤ ገንዘብ ይሰበሰባል፤ የማኅበሩ ስም የተጻፈበት ካናቴራ ይታዘዛል፤ የአውሮፕላን ቲኬት ይቆረጣል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ በመጨረሻው ስብሰባ ላይ አንድ ሰው እጁን ያነሣና «ለመሆኑ እዚያ ስንደርስ የምንሠራው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱም «ግድግዳ ቀለም እንቀባለን፤ ከልጆች ጋር እንጫወታለን» ይሆናል። ያ ግድግዳ ባለፈው ወር በመጣ ሌላ ቡድን ተቀብቶ እንደ ሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

አባቶቻችን «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ሲሉ የተረቱት እንዲህ ባለው ሰው ላይ ነው።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ደግነትን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። በዚህ ዘመን ለሌላ ሰው ችግር ልቡ የሚነካ ወጣት መገኘቱ ራሱ የሚያስመሰግን ነው። የምለው ደግነት ዐይን ይኑረው ነው። ይህም ከእኔ የመነጨ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ነህምያን አስታውሱ። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በሰማ ጊዜ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ፤ ከንጉሡም ፈቃድና ደብዳቤ ተቀበለ። ከተማይቱ ከደረሰ በኋላ ግን ወዲያው ሕዝብ ሰብስቦ አልተናገረም። ሦስት ቀን ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከዚያም በሌሊት ጥቂት ሰዎች ይዞ፣ ከሚቀመጥበት እንስሳ በቀር ሌላ ሳያስከትል፣ የፈረሰውን ቅጥር እየዞረ ተመለከተ። ለሹማምንቱ «እንሥራ» ብሎ የተናገረው ካየ በኋላ ነው። ሙሴም እንዲሁ ምድሪቱ ተስፋ የተሰጠች ሆና ሳለ 12 ሰዎች ልኮ 40 ቀን አስጎበኛት፤ መሬቱ ወፍራም ወይም ስስ፣ ከተማው ቅጥር ያለው ወይም የሌለው መሆኑን አዩ። እግዚአብሔር እሰጣችኋለሁ ያለው አገር እንኳ አስቀድሞ ከታየ፣ እኛ በፎቶግራፍ ብቻ የምናውቀውን አገር ሳናይ ዘለን መግባታችን ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ሳያዩ መሄድ የሚያስከፍለውን ዋጋ በቁጥር ለማየት ለሚፈልግ ሰው የሆንዱራስ ታሪክ ይበቃዋል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1998 በኦክቶበር ወር መጨረሻ ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ማዕከላዊ አሜሪካን መታ። ከ10 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ ከሁሉ ይልቅ የተጎዳችውም ሆንዱራስ ነበረች። ከሰሜን አሜሪካ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ቡድኖች ቤት ለመሥራት ጎረፉ። የካልቪን ኮሌጅ መምህር የሆነውና በሆንዱራስ የኖረው ከርት ቨር ቢክ ይህን ሥራ መረመረና ጥናቱን በ2006 አወጣ። እንግዶቹ ቡድኖች የሠሩት አንድ ቤት፣ የጉዟቸው ወጪ ሲጨመርበት፣ 30 ሺህ ዶላር ያህል ወጥቶበታል። የአገሩ ክርስቲያናዊ ድርጅቶች ግን እንደዚያ ያለውን ቤት በ2 ሺህ ዶላር ያህል ይሠሩት ነበር። የተማረ ሰው ስሌቱን ራሱ ይጨርሰው፤ ለአንድ ቤት በወጣው ገንዘብ 15 ቤት ይሠራ ነበር። ይህም ማለት አንድ ቤተሰብ ከጣራ ሥር ሲገባ 14 ቤተሰብ በውጭ ቀረ ማለት ነው። በጎርፉ ሥራውን ያጣው የአገሩ ግንበኛና አናጢም የቀን ደመወዝ ሊያገኝበት የሚችለው ሥራ በእንግዳ እጅ አለቀበት።

«ገንዘቡ ቢበዛም የተጓዡ ልብ ይለወጣል፤ ከተመለሰ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ ለጋስ ይሆናል» የሚል መልስ ትሰጡኝ ይሆናል። ይህንም ሰውዬው መርምሮታል። ተጓዦቹ ራሳቸው ብዙ እንደ ተለወጡ ተናገሩ፤ በመዝገብ ሲታይ የተገኘው ለውጥ ግን እጅግ ያነሰ ነበር።

ኢቫን ኢሊች የተባለው ቄስ ከዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ፣ በአፕሪል 1968፣ ለተሰበሰቡ የአሜሪካ ተማሪዎች በጣም መራራ ንግግር አድርጎላቸው ነበር። ተማሪዎቹ በክረምት ወደ ሜክሲኮ መንደሮች ሄደው ድሆችን ለመርዳት ያሰቡ ነበሩ። እሱም ለመጎብኘትና ለመማር ኑ፤ ለመርዳት ግን አትምጡ ብሎ ፊት ለፊት ነገራቸው። እኔ እስከዚህ ድረስ አልሄድም። የሰው ልጅ ወንድሙን ለመርዳት ድንበር መሻገሩን ከከለከልነው ደጉ ሳምራዊም መንገዱን ይቀጥል ነበር ማለት ይሆንብናል። ነገር ግን ሳምራዊው እንኳ አስቀድሞ ቀርቦ አየ፤ ቁስሉን ካየ በኋላ ዘይትና ወይን አወጣ። ከኢሊች ንግግር የምወስደው ይህን ነው፤ መጀመሪያ ሊማር የሚመጣ ሰው ኋላ ሊረዳ ይችላል፤ መጀመሪያ ሊረዳ የሚመጣ ሰው ግን መማሪያ ጊዜ አያገኝም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑን እመ ምኔት ቴሬዛ ናቸው፤ ዓለም «ማዘር ቴሬዛ» የሚላቸው። እኒህ ሴት በካልካታ፣ ዛሬ ኮልካታ በምትባለው የህንድ ከተማ፣ ለብዙ ዓመት አስተማሪ ነበሩ። በ1948 ከትምህርት ቤቱ ወጥተው ድሆችን ለማገልገል በተነሡ ጊዜ በቀጥታ ወደ ጭቃው ሠፈር አልገቡም። አስቀድመው ወደ ፓትና ከተማ ሄደው በመነኮሳት ሆስፒታል ለጥቂት ወራት የአስታማሚነት ሥራ ተማሩ። ማኅበራቸው በ1950 ተፈቀደ፤ በካሊጋት ለሚሞቱ ድሆች የከፈቱት ቤት በ1952 ተጀመረ። ወደ ኢትዮጵያም ማኅበሩ በ1973 መጣ።

በኮልካታ ቤቶቻቸው ለፈቃደኛ እንግዶች የኖረው ልማድ ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። እንግዳው ከየትም ይምጣ፣ ዶክተር ይሁን ነጋዴ፣ በማለዳ ወደ እናት ቤቱ ይመጣል፤ ቅዳሴ ለሚያስቀድስ ቅዳሴ አለ፤ ዳቦና ሙዝ ከሻይ ጋር ይቀርብለታል፤ ከዚያም ወደ ልዩ ልዩ ቤቶች ይበተናል። የሚሰጠውስ ሥራ ምንድን ነው? የበሽተኛ ልብስና አንሶላ በእጅ ማጠብ፣ ሳህን ማጠብ፣ ደካማውን ማጉረስ ነው። እኔ ያቀድሁት ይህ ነው ብሎ ዕቅድ ይዞ የመጣ እንግዳ ዕቅዱን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ይከትና እጀታውን ይሰበስባል። ሥራውን የሚያዘው ባለቤቱ ነው፤ እንግዳው ይታዘዛል። ጥሩ ቤትን ከመጥፎ የምትለዩበት አንዱ ምልክት ይህ ነው። ለእንግዳው ደስታ ሲል ሥራ የሚፈጥር ቤት አለ፤ ሥራ ስላለው እንግዳውን የሚያሠራ ቤት ደግሞ አለ።

ሆኖም ስም ትልቅ ስለ ሆነ ዐይን ይጨፈን ማለት አይደለም። የታወቀው የሕክምና መጽሔት የዘ ላንሴት አዘጋጅ ሮቢን ፎክስ ይህንኑ የካልካታ ቤት ጎብኝቶ በ1994 ጽፎ ነበር። ንጽሕናውን፣ የቁስል አጠባበቁንና ፍቅሩን አመሰገነ፤ ነገር ግን በሽታን ለይቶ የማወቁ ሥራ ደካማ መሆኑንና ለከባድ ሕመም የሚሆን ብርቱ ማስታገሻ አለመኖሩን ሳይሸሽግ ተናገረ። ጎብኚ ማለት እንዲህ ነው፤ የሚመሰገነውን አመስግኖ የጎደለውን ይናገራል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ፤ እሱም የእጓለ ማውታ ማሳደጊያ ነገር ነው። ለተልእኮ የሚሄዱ ቡድኖች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት እንዲህ ያለውን ቤት መጎብኘት ነው። ሕፃናት ይዘምራሉ፤ በእንግዳው አንገት ላይ ይጠመጠማሉ፤ እንግዳውም እያለቀሰ ቦርሳውን ይፈታል። በካምቦዲያ አገር የተደረገ ምርመራ ምን እንዳሳየ ስሙ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ በ2011 እንደ ገለጠው፣ ከ2005 እስከ 2010 ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ የማሳደጊያዎቹ ቁጥር በ75 በመቶ አድጓል። በእነዚያ ዓመታት የወላጅ ሞት በዚያው ልክ አልጨመረም። እንዲያውም በቤቶቹ ከሚኖሩት ልጆች ከ4ቱ 3ቱ ያህል ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ነበራቸው። ታዲያ የጨመረው ምን ነበር? የጎብኚውና የለጋሹ ገንዘብ ነበር። ድሀ እናት ልጇን «ይማርልኝ» ብላ ትሰጣለች፤ ቤቱ ልጁን ለእንግዳ ያሳያል፤ እንግዳው ይከፍላል፤ ሌላ ቤት ደግሞ ይከፈታል። ልጁ በየሳምንቱ ከሚመጣና ከሚሄድ ሰው ጋር እየተዋደደና እየተለያየ ያድጋል። ያ ገንዘብ ለእናቲቱ በወር በወር ቢሰጣት ኖሮ ልጁ ከቤቱ ባልወጣ ነበር።

ይህን በአንድ ቀን ጉብኝት ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ነው አስቀድሞ የሚላከው ሰው ከመዝሙሩ በኋላ መቆየት ያለበት።

«ይህ የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እኛ ተማሪዎችና ጀማሪ ጸሐፊዎች ለአውሮፕላን ቲኬት የሚሆን ምን አለን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ነገሩ ግን ወደ እናንተ ደጃፍ ይመጣል። ከአሜሪካና ከአውሮፓ፣ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ካሉት የወገኖቻችን አብያተ ክርስቲያናት ጭምር፣ አገልግሎት ለማየት ወደ አገራችን የሚመጡ አሉ። በዚያን ጊዜ አስተርጓሚ ሆኖ የሚጠራው እንግሊዝኛ የሚያውቀው ተማሪ ነው፤ ደብዳቤውን የሚጽፈውም መሥሪያ ቤት የገባው ወጣት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ የእኛው የራሳችን ጠባይ ፈተና ይሆናል፤ ይሉኝታ ማለቴ ነው። እንግዳ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ «ጉድጓድ ልቆፍርላችሁ ወይስ ግድግዳ ልቀባላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ «ሁለቱንም አንፈልግም፤ የጎደለን የመምህራን ደመወዝ ነው» የሚል የአገራችን ሽማግሌ ስንት ነው? «እግዜር ይስጥልን፤ ሁሉም መልካም ነው» ይላል። እንግዳውም ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ ቀለሙን ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ አስተርጓሚ የምትሆኑ፣ ሽማግሌው በይሉኝታ የዋጠውን ቃል እናንተ ደግማችሁ አትዋጡት። በጨዋ አነጋገር አስረዱ። እንግዳ ሆናችሁ የምትሄዱም ብትሆኑ አይሆንም ለማለት በማያስቸግር መንገድ ጠይቁ። «ይህን እንሥራ ወይ?» ከማለት ይልቅ «እኛ ባንመጣና የመሳፈሪያው ገንዘብ ለእናንተ ቢሰጥ ምን ትሠሩበት ነበር?» በሉ። ይህች አንዲት ጥያቄ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ እውነት ታወጣለች።

ይህን ካልሁ ዘንድ ለቅድመ ጉዞው የሚሆን ምክሬን በአጭሩ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ አንድ ሰው ብቻ አትላኩ፤ ሁለት ወይም ሦስት ላኩ። ሙሴ የላካቸው 12ቱ ያዩት አገር አንድ ሆኖ ሳለ ወሬያቸው ሁለት ዓይነት ነበር። ከሚላኩት አንዱ ሒሳብ የሚያውቅ ይሁን፤ አንዷ ደግሞ ሴት ትሁን፤ እናቶች ለወንድ የማይናገሩት ብዙ ነገር አለና።

ሁለተኛ፣ በበዓል ቀን አትሂዱ። በበዓል ቀን ሁሉም ቤት ያምራል። ተራ በሆነ ሳምንት ሂዱና ቢያንስ ሳምንቱን ሙሉ ቆዩ። እንግዳ የመጀመሪያውን ቀን ወርቅ ነው ይባላል፤ እናንተ ግን ወርቅ መሆናችሁ እስኪያልፍ ድረስ ጠብቁ። እውነተኛው ሥራ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ብቻ ተነጋግራችሁ አትመለሱ። ወጥ ቤት የምትሠራውን፣ ዘበኛውንና ጎረቤቱን አነጋግሩ። ባለፈው ዓመት የመጣው ቡድን ምን ትቶ እንደ ሄደ ጠይቁ። የተበላሸ የውሃ መሳቢያና ከሣጥን ያልወጣ መሣሪያ ካያችሁ ብዙ ተምራችኋል።

አራተኛ፣ መዝገብ ጠይቁ። ቤቱ በአገሩ ሕግ ተመዝግቧል ወይ? ሒሳቡን ከውጭ የሚመረምርለት አለ ወይ? ልጆች የሚያሳድግ ቤት ከሆነ ደግሞ፣ የእያንዳንዱ ልጅ ዘመድ ተፈልጓል ወይ? በዓመት ስንት ልጅ ወደ ቤተሰቡ ተመልሷል? ለዚህ መልስ የሌለው ቤት ልጆቹ እንዲበዙለት እንጂ እንዲያንሱለት የሚመኝ አይሆንም። የማያውቁት እንግዳ በመጣ ሰዓት ሁሉ ከልጆች ጋር የሚያስገባ ቤት ደግሞ፣ ለእናንተ ደግ ቢመስልም፣ ለልጆቹ ጠባቂ አይደለም።

አምስተኛ፣ በዚያ ሳሉ ቃል አትግቡ። ለችግረኛ ሰው «እናያለን» ማለት እንኳ ግማሽ ተስፋ ነው። የምትበሉትንና የምታድሩበትን ራሳችሁ ክፈሉ። የሰውን ችግር ሳታስፈቅዱ ፎቶግራፍ አታንሡ፤ እናንተ ታምማችሁ በተኛችሁበት እንግዳ ሰው ገብቶ ፎቶግራፍ ቢያነሣችሁ ምን እንደሚሰማችሁ አስቡ።

እነዚህን ሁሉ ፈጽመው የተመለሱት ሰዎች ለኮሚቴው የሚያቀርቡት ሪፖርት ከሦስት ቃል አንዱን ይይዛል። አንዱ «እንሂድ» ነው። ሁለተኛው «ጥቂት ሆነን፣ ይህን ሙያ የሚያውቁትን ብቻ ይዘን እንሂድ» ነው። ሦስተኛው «አንሂድ፤ ገንዘቡን እንላክ» ነው። ሦስተኛው ቃል ከመጀመሪያው ያላነሰ መንፈሳዊ ነው። እንዲያውም ካናቴራው ታዝዞ፣ ቡድኑ ጓጉቶ በሚጠብቅበት ሰዓት ቆሞ «አንሂድ» ለማለት ከመሄድ የበለጠ ወኔ ይጠይቃል። ኮሚቴውም መልእክተኞቹን ከመላኩ በፊት ይህን ቃል ይዘው ቢመለሱ እንደሚቀበላቸው አስቀድሞ መማል አለበት። አለዚያ የላከው የሚያዩለትን ሰዎች ሳይሆን የሚያጨበጭቡለትን ነው።

ማየት አንዳንድ ጊዜ ጉዞውን እንደሚያሳንሰው ሁሉ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዕድሜ ልክ ያደርገዋል። ለዚህ ምስክራችን በአገራችን አለ። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1959 ከአውስትራሊያ ወደ አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጆችን ለማሠልጠን ነበር። ውላቸው የ3 ዓመት ነበር። እዚህ ከደረሱ በኋላ ግን ምጥ በርትቶባቸው የተጎዱ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ከሰው የተለዩ እናቶችን አዩ። ያን ካዩ በኋላ ተመልሰው አልሄዱም። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታላቸውን አቋቋሙ፤ እሳቸው በ1993፣ ባለቤታቸው በ2020 እስካረፉ ድረስ በዚያው ሥራ ጸኑ። ልብ በሉ፤ ያን ሆስፒታል የወለደው ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ዕቅድ አልነበረም። እዚሁ ያዩት ነገር ነው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ በቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም በማኅበራችሁ ስለ ሩቅ ጉዞ ሲነገር የሰማችሁ እንደ ሆነ እጃችሁን ለማንሣት የመጨረሻውን ስብሰባ አትጠብቁ። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንሡና «ማን ሄዶ አየ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት የሚያኮርፋችሁ ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጉዞው ቀርቶ ገንዘቡ ቢላክ የሚቀረው ካናቴራው ነው፤ ቤቱ ግን ይሠራል።